ከኦቾሎኒ መጋዘን ወደ ምክር ቤት

ጂሚ ካርተርን አብዛኞቻችን የምናስታውሳቸው በ1997ቱ ምርጫ ታዛቢዎችን መርተው አገራችን በመምጣታቸው ነው፤ ማዕከላቸው በአማራ ክልል በትራኮማ ላይ የሚሠራውን የምታውቁም አላችሁ። የማኅበራችንን ሒሳብ የምንይዘው እኛ ታሪካቸውን ስናነብ ደጋግመን የተመለስንበት ግን ቀደም ያለው ዘመናቸው ነው፤ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የገጠር ሕዝብ ወክለው አዲስ ሕግ አውጪ የሆኑበት።

እ.ኤ.አ. በ1953 የካርተር አባት በካንሰር ሞቱ። ገበሬና ነጋዴ ነበሩ፤ ለግዛቲቱ ምክር ቤት ከተመረጡም ገና ዓመት አልሞላቸውም። ያኔ የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩት ልጃቸው አባታቸውን ሲያስታምሙ፣ በችግራቸው ጊዜ አባትየው የደረሱላቸው ጥቁርና ነጭ ጎረቤቶች ቤቱን ሲያጣብቡት አዩ። ሥራቸውን ለቀው ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ፕሌይንስ ለመመለስ ወሰኑ። ሚስታቸውን ወይዘሮ ሮዛሊንን አላማከሩም። ወይዘሮዋ በጣም ከመቆጣታቸው የተነሳ መንገዱን ሙሉ ሊያናግሯቸው አልፈለጉም ይባላል። (ይህን ስናነብ አንዳችን ለሌላችን ፈገግ አልን።)

የመጀመሪያው ዓመት ድርቅ ነበር። የኦቾሎኒ መጋዘኑ በዓመቱ ያተረፈው ከ300 ዶላር ያነሰ ሲሆን ቤተሰቡ የሚኖረው ለዝቅተኛ ገቢ በተሠራ የመንግሥት ቤት ነበር። ወይዘሮ ሮዛሊን መጋዘኑ ውስጥ ስልክ በመመለስ ጀመሩ። ከዚያ ሒሳብ የምታስተምር ጓደኛቸው መጻሕፍት አዋሰቻቸውና ከእነሱ እየተማሩ መዝገቡን ያዙ። ብዙም ሳይቆይ የትኛው ሥራ እንደሚያተርፍ፣ የትኛው እንደሚያከስር ለባለቤታቸው የሚነግሩት እሳቸው ሆኑ።

በ1962 ፍርድ ቤቶች የጆርጂያን የድምፅ አቆጣጠር እንዲለወጥ አስገደዱ። ካርተር በ38ኛ ልደታቸው ቀን ለግዛቲቱ ሴኔት እንደሚወዳደሩ አስታወቁ፤ ለፓርቲያቸው የእጩ ምርጫ የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። የምርጫ ወረዳው ሰባት ካውንቲዎችን ይይዛል። ከእነዚህ ትንሿ ኩዊትማን በምትባለው፣ ጆ ኸርስት የተባለ የአካባቢው ጉልበተኛ፣ እሱም ራሱ የምክር ቤት አባል፣ መራጩን ፊት ለፊት ቆሞ ማንን መምረጥ እንዳለበት ይነግረው ነበር። ምስጢራዊ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም። ድምፅ የሰጡት 333 ሰዎች ሲሆኑ ከኮሮጆው የወጣው 420 ወረቀት ነው። የሞቱ ሰዎችም መርጠዋል፤ በፊደል ተራ ተሰልፈው የመረጡም አሉ! ካርተር ተሸናፊ ተባሉ።

በእኛም ባለፈው የኮሚቴ ምርጫ ከፈራሚው በሁለት የበለጠ ወረቀት ወጥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አንዳንዶቻችሁ «ሁለት ምን ያደርጋል» ብላችሁ ነበር፤ ውጤቱም አይለወጥም ነበር። ግን ሒሳብ ያዥ እንዲህ ያለ ልዩነት ካለፈች ሥራዋን ትታ ትሂድ። እንደገና መረጥን፣ ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

የካርተር ግን ሁለት ሰዓት አልነበረም። ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ የምስክርነት ቃል በጽሑፍ ሰበሰቡ፣ ቻርልስ ኪርቦ የተባለ ጠበቃ ከአትላንታ አመጡ፣ ዳኛው ኮሮጆውን አስከፍተው ቆጠራውን ውድቅ አደረጉ። ከዚያም በኋላ ክርክሩ እስከ ምርጫው ዋዜማ ቀጥሏል። በጥር 1963 ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

አዲሱ ሴናተር እያንዳንዱን ረቂቅ ሕግ ሳያነቡ ድምፅ እንደማይሰጡ ቃል ገቡ። ረቂቁ ብዙ ስለነበር በፍጥነት የማንበብ ትምህርት እስከመውሰድ ደርሰዋል። በሴኔቱ ያደረጉት የመጀመሪያ ንግግር ጥቁሮችን ከመራጭነት ለማስቀረት ይቀርቡ የነበሩት «ሠላሳ ጥያቄዎች» እንዲቀሩ የሚጠይቅ ነበር። በዚያ ጊዜና በዚያ ገጠር ይህን መናገር ደንበኛ ያሳጣል፤ ቀደም ሲል የነጮች ማኅበር አባል አልሆንም ስላሉ መጋዘናቸው ላይ አድማ ተመትቶ ነበርና። ለአካባቢያቸው ያመጡት ደግሞ በአሜሪከስ ከተማ የሚገኘው የሁለት ዓመት ኮሌጅ የአራት ዓመት እንዲሆን ማስደረጋቸው ነው። የገበሬ ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ ዲግሪ መያዝ ቻለ።

በየዓመቱ ጥር ላይ ጉባኤው ሲከፈት ካርተር ወደ አትላንታ ይሄዳሉ። ፕሌይንስ የሚቀሩት ሦስት ወንዶች ልጆችና ወይዘሮ ሮዛሊን ናቸው። ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ለመውሰድ የመጣ ገበሬ መጋዘኑ ሲገባ መዝገቡን ገልጠው ያለፈውን ዕዳውን የሚነግሩት እሳቸው ነበሩ።