ማረሻችንን የሚሠራልን ጅብ

ወረታ አጠገብ ካለችው ቁሐር ሚካኤል አንሥቶ እስከ ጣና ዳር በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ያደገ ልጅ ሁሉ አንድ ክፉ መንገደኛ ያውቃል። ይህ መንገደኛ ቀን ቀን እንደማናችንም ሰው ነው፤ ገበያ ይወጣል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ዕቃውን ሽጦ ይገባል። ሲመሽ ግን አመድ ላይ ይንከባለልና ጅብ ሆኖ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ሌሊቱ የእሱ ነው። ከመንደር መንደር ይዞራል፣ መቃብር ይምሳል፣ ሲነጋ ደግሞ ተመልሶ ሰው ሆኖ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። እኛም በልጅነታችን አርፈን እንድንተኛ የምንስፈራራው በእሱ ስም ነበር፤ በቡዳ።

ፈረንጆቹም የራሳቸው አላቸው። አሜሪካዊው ደራሲ እስቴፈን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው «ዘ ስታንድ» በተባለው ልቦለድ ራንዳል ፍላግ የሚባል ሰው ፈጥሯል። ፍላግ ጂንሱንና ቦቲውን አድርጎ በአውራ ጎዳና በእግሩ የሚጓዝ፣ በደረሰበት ሁሉ ጥፋት የሚዘራ መንገደኛ ነው። ኪንግ ስለወደደው ነው መሰለን በሌሎች መጻሕፍቱም እየመለሰ አምጥቶታል፤ አንዳንዴም ስሙን እየቀየረለት። አስፈሪነቱን አንክድም። ነገር ግን ፍላግ መጽሐፉ ሲከደን አብሮ ይከደናል። «ፍላግ አንተ ነህ» ተብሎ የተደበደበ ጎረቤት የለም። የእኛው መንገደኛ ግን ቤትም፣ ልጆችም፣ ሙያም አለው። እንግዲህ ነገሩ ከተረትነት ወደ ታሪክ የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ተረቱን እንየው። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት መንዝ ውስጥ የሰበሰበውን እ.ኤ.አ. በ1974 ጽፎት ነበር። ቡዳ የበላው ሰው ይሞታል፣ ይቀበራል፤ ቡዳው ግን ሌሊት መጥቶ ሬሳውን ያወጣና ነፍስ ዘርቶበት ለሰባት ዓመት አሽከር ያደርገዋል። (በነጻ የሚያገለግል አሽከር መፈለግ ያው የባላባት ምኞት አይደል? ተረቱን ማን እንዳወራው ከዚሁ መገመት ይቻላል።) የተበላው ሰው ገና በሕይወት ካለ ደግሞ ይታጠናል፣ ጠበል ይወሰዳል፣ በመጨረሻም ይጠየቃል፤ «ማን በላህ?» በሽተኛው ይለፈልፋል። ሲለፈልፍ ስም ይወጣል። ያ ስም በማግስቱ ገበያ መሐል ይዞራል።

የውጭ ሰዎችም በተረቱ ተማርከው ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው ማስታወሻው ስለ ባልንጀራው ስለ ኮፊን አሽከር ይተርካል። አሽከሩ ፈቃድ ጠይቆ ከሄደ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌሎቹ «እዩት፣ ጅብ ሆነ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ኮፊን ዘወር ሲል በገላጣው ሜዳ ላይ የሚሮጥ ጅብ ያያል፣ ሰውየውን ግን ያጣዋል። በጆሮው ጉትቻ ያንጠለጠለ ጅብ ታየ የሚለውንም ወሬ ፒርስ መዝግቦታል። ከእሱ በኋላ የመጣው ማንስፊልድ ፓርኪንስም እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ቡዳ ብዙ ጽፏል። እኛን ከጉትቻው ይልቅ ያስገረመን በየትረካው የሚደጋገመው ሙያ ነው። ጅብ የሚሆነው ሁልጊዜ ቀጥቃጩ ነው። እሱ ካልሆነ ሸክላ ሠሪዋ ናት፤ እሷም ካልሆነች ሸማኔው ወይም ፋቂው። መሬት ያለው ገበሬ ሌሊት ጅብ ሆኖ ሲዞር የሚተርክ ሰው እስካሁን አልገጠመንም።

ለምን ይሆን? እሳትና ብረት ምሥጢር ስላለባቸው ነው የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ሸክላና ጥጥ ግን ምን ምሥጢር አለባቸው? እነዚህን ሙያተኞች የሚያመሳስላቸው እሳቱ ሳይሆን ርስት ማጣታቸው ይመስለናል። በጎንደር ምድር ከቡዳ ስም ጋር አብዝቶ ሲጠራ የኖረው ቤተ እስራኤል ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ወገራ ላይ ድል ካደረጓቸው በኋላ አስነገሩት የሚባል አዋጅ አለ። ክርስትና የተነሣ የአባቱን መሬት ይውረስ፣ እምቢ ያለ ግን ፈላሲ ይሁን የሚል ነው። ፈላሲ ማለት ደግሞ ከአገሩ የተነቀለ፣ የሚንከራተት፣ መንገደኛ ማለት ነው። ፈላሻ የሚለው፣ ሰዎቹ ራሳቸው የማይወዱት ስም የመጣው ከዚሁ ነው ይባላል።

ይህችን ቃል ደግመን ብናያት አይከፋም። ሰውየው በራሱ ፈቃድ አልዞረም። መሬቱን ተቀማና «ዟሪ» ተባለ። መሬት የሌለው ሰው በጢሰኝነት ያርሳል፤ ያም ካልበቃው እጁን ይሠራበታል። እናም ብረት ቀጠቀጠ፣ ሚስቱ ሸክላ ሠራች። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ግንብና ጣሪያ ሠርተው መሬትና ማዕረግ ያገኙ ነበሩ፤ ይሁንና ብዙኃኑ ወርዶ የቀረበት ቦታ ቀጥቃጭነት ነው። ከዚያ ባለርስቱ ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ እንስራውንም ከዚህ ሰው እየገዛ ሲመሽ በሩን ቀረቀረበት። ዛሬ ቁሐር ላይ ሩዝ የሚታጨድበት ማጭድ አያት ቅድመ አያቱ ያ ማጭድ ነው።

ተረቱ ሲያድግ ሃይማኖትም ተጨመረበት። የጌታን የስቅለት ችንካር የቀጠቀጡት የእነሱ አባቶች ናቸው ተባለ። አውሮፓም ይህንኑ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1602 በጀርመንኛ የታተመች ትንሽ መጽሐፍ ክርስቶስን በመስቀል መንገድ ላይ ስለሰደበ እስከ ምጽአት ሳይሞት እንዲዞር ስለተፈረደበት አይሁዳዊ ታወራለች። በአውሮፓ ያሉትን ሮማዎችንም ችንካሩን የሠራችሁ እናንተ ናችሁ እየተባሉ ዘመናት አልፈዋል። ተረት ፈጣሪዎቹ ሳይገናኙ አንድ ዓይነት ነገር ማውራታቸው ይገርማል። መጀመሪያ አገር አሳጥተህ ታዞረዋለህ፤ ከዚያ መዞሩን የኃጢአቱ ምልክት ታደርግበታለህ።

ከወረታ ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) መድፍ ወዳስቀለጡባት ወደ ጋፋት ያደርሳል። ንጉሡ ለብረት ሥራ የነበራቸውን ጉጉት ሁላችንም ተምረናል፤ «ሴባስቶፖል» ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ነገር ግን የጋፋትን ሥራ የመሩት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ነበሩ። የፈረንጅ ቀጥቃጭ በአገራችን የንጉሥ ባለሟል ሆኖ ሲከበር፣ የአገሬው ቀጥቃጭ ግን ያው ጅብ ነበር። ብረቱ አንድ ነው፣ ወናፉም አንድ ነው።

ነገሩን በአዋጅ የነኩት ዐፄ ምኒልክ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ ስድቡን እንዲተው አዋጅ አስነገሩ። አንጥረኛውን ጠይብ እያላችሁ አገሬን ማረሻ የሚሠራ እንኳ ልታሳጧት ነው የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነበር። ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን እንደተወለደም ያስታውሳል። ይህ ሐረግ ያለ ነገር የገባ አይመስለንም። ሬሚኒክ መንዝ ላይ በሰማው ተረት ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር አሳዪኝ ሲላት ዐሥራ አምስቱን ደበቀች፤ ቡዳ የእነዚያ የተደበቁት ዘር ነው። ምኒልክ ይህን ተረት ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ ለእሱ የሚገባውን መልስ ሰጥተውታል።

አዋጅ ግን ሌሊቱን አልደፈረም። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ለጢሰኛው መሬት ሰጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሰዎቹ ራሳቸው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል በሺሕ የሚቆጠሩት፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከዐሥራ አራት ሺሕ በላይ ሰዎች በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ተረቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ጅቡም አብሮ በአውሮፕላን መሄድ ነበረበት። አልሄደም። ቶም ቦይልስተን የተባለ አንትሮፖሎጂስት እዚሁ ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ የቡዳ ወሬ በዘመናችንም ሕያው ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል። ቤተ እስራኤል በሌለበት በዚያ መንደር ጣት የሚቀሰረው ከባሪያ ዘር ተወልደዋል በሚባሉት ሰዎች ላይ ነው። እነሱም የአባት ርስት አልነበራቸውም።