«ስኳር አለበት»፤ የአንድ የሕክምና ስያሜ ፍቺና አመጣጥ

በቆቦና በአላማጣ መካከል በምትገኘው በዋጃ አማርኛና ትግርኛ በአንድ ገበያ ይነገራሉ። አንዱ «የስኳር በሽታ»፣ ሌላው «ሕማም ሽኮርያ» የሚለው ደዌ ግን አንድ ነው። የሁለቱም ሥር ወደ ዐረብኛው «ሱከር» ይመራል፤ ይኸውም በፋርስኛ በኩል ከሳንስክሪቱ «ሻርካራ» የመጣ ሲሆን፣ ጥንተ ፍቺው ጠጠር ነው። በአማርኛው የ«ሱ» ክብ አናባቢ ከ«ሰ» ተነሥቶ በ«ከ» ላይ በማረፉ «ስኳር» የሆነ ይመስለናል።

የደዌው ስም በሁሉም ዘንድ ከጣዕም አልተነሣም። የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ የገለጸበት የግሪክኛው «ዲያቤቴስ» ማለፍን ያመለክታል፤ የተጠጣው ውሃ በሰውነት ሳይቆይ አልፎ ይወርዳልና። የሕንድ ሐኪሞች ግን «ማዱሜሃ»፣ ማለት የማር ሽንት፣ አሉት። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1674 የሽንቱን ጣፋጭነት ጻፈ፤ ማቲው ዶብሰንም በ1776 ሽንቱን አትንኖ የቀረው ስኳር መሆኑን አሳየ። «ሜሊተስ» የሚለው ቅጽልም ከላቲኑ ማር የወጣ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነውና፣ ማር ከስኳር በቀደመበት አገር «የማር በሽታ» አለመባሉ ስያሜው ከዘመናዊ ሕክምና ጋር የገባ መሆኑን ሳይጠቁም አይቀርም።

ሕዝቡ ቃሉን ሲያሳጥር ሰዋስዉን አልሳተም። «ስኳር አለው» የተባለ ሰው በጓዳው ስኳር ያለው ነው፤ «ስኳር አለበት» የተባለው ግን ታሟል። «በሽታ» ቢወድቅም «በ» ሸክሙን ይዛ ትቀራለች።

ሆኖም ስያሜው ምልክቱን እንጂ መንሥኤውን አይናገርም፤ ሰሚው ግን መንሥኤ አድርጎ ይወስደዋል። ስኳር በቤቱ የሌለ፣ የማሽላ እንጀራ የሚበላ የዋጃ ገበሬ «ስኳር አለብህ» ሲባል ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ማሽላው ራሱ በአንጀት ወደ ስኳርነት እንደሚለወጥ፣ ጉድለቱም ኢንሱሊን ማነሱ ወይም አለመሥራቱ መሆኑን ቃሉ አይነግረውም።

ለተርጓሚ ከዚህ የባሰው «ዲያቤቴስ ኢንሲፒደስ» ነው። በዚህ ደዌ ሽንት ይበዛል እንጂ ስኳር የለበትም፤ «ኢንሲፒደስ»ም ጣዕም የለሽ ማለት ነው። «ጣዕም የለሽ የስኳር በሽታ» ብንል በግሪክኛው ያልነበረ ተቃርኖ እንፈጥራለን። የስሙ መመሳሰል በውጭ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀር ሕይወት አጥፍቷል፤ ሁለቱ ደዌዎች ተምታተው በሽተኞች የሚያስፈልጋቸውን መድኃኒት ሳያገኙ ሞተዋል። በዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ስሙ በሆርሞኑ፣ በአርጂኒን ቫሶፕሬሲን፣ እንዲተካ ሐሳብ አቀረበ። እኛም «የስኳር በሽታ»ን እንዳለ ትተን፣ ለዚህኛው ሆርሞኑ ሲያንስ «የቫሶፕሬሲን እጥረት»፣ ኩላሊት ሳይታዘዘው ሲቀር «ቫሶፕሬሲን አለመቀበል» ማለትን እንመርጣለን። በበሽተኛው ካርድ ላይ ከሁለቱ ስሞች አጠገብ «ስኳር» የሚል ቃል በቅንፍ እንኳ መግባት የለበትም።