የአውድማ አፈርና የሕፃን ደም

የላስታ ተራሮች የቆሙበት ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ቅላጭ የረጋው ዐለት፣ በብረት የበለጸገ ስለሆነ ዝናብና ፀሐይ ሲሰባብሩት አፈሩ ብዙ ጊዜ ይቀላል። በዛጉዌው ንጉሥ በነአኩቶ ለአብ ስም በሚጠራው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ከጣሪያው ዐለት የሚንጠባጠበው ጠበል በተቦረቦሩ ድንጋዮች ውስጥ ይጠራቀማል፤ በአካባቢው ማሳዎች ግን ዐለቱ ወደ ሰው ገላ የሚገባበት ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም አውድማ ነው።

በእበት በተለቀለቀው አውድማ ላይ በሬዎች እየዞሩ ነዶውን ሲያበራዩ ከሰኮናቸው ሥር የሚነሣው ትቢያ ከእህሉ ጋር ይደባለቃል፤ ምርቱ በመንሽ ለነፋስ ተሰጥቶ በወንፊት ቢነፋም፣ የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ትቢያው አብሮት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ ባለሙያዎች ባካሄዱት አገር አቀፍ የሥነ ምግብ ጥናት የኢትዮጵያውያን ምግብ እጅግ ብዙ ብረት እንዳለው ታየ፤ ስዊድናዊው ሐኪም ዪንግቬ ሆፍቫንደርም በ1968 ባሳተመው ሥራ ይህን ጉዳይ በሰፊው መረመረ። ከአፈር የሚመጣው ብረት ግን አብዛኛው አንጀት ሳይቀበለው የሚወጣ ነው፤ ስለዚህ በምግብ ውስጥ የተለካው ብረት ሁሉ በደም ውስጥ ያለ መስሎ መታየቱ ትልቅ ስሕተት ነበር።

ማዕድናት በአንጀት የሚያልፉባቸው በሮች ጥቂት መሆናቸው ነገሩን በሕፃናት ላይ ያከብደዋል። ብረትን ወደ ሰውነት የሚያሳልፈው ፕሮቲን መርዛማውን ማዕድን እርሳስንም ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ ብረት ያነሰው ሕፃን ይህን በር ይበልጥ ይከፍታል፤ ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ የሚቀበሉትም ከአዋቂዎች ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይደርሳል። እርሳስ ከገባ በኋላ ደም በሚሠራበት ኤንዛይም ውስጥ የዚንክን ቦታ ይነጥቃል፤ በእናት አጥንት የተከማቸውም በእርግዝና ጊዜ ከካልሲየም ጋር ተለቅቆ ወደ ፅንሱ ያልፋል። ኩል በብዙ አገሮች ከእርሳስ ማዕድን ስለሚዘጋጅ፣ ለጌጥና ለጥበቃ ተብሎ የሕፃን ዓይን መኳሉ ሳይታሰብ ጉዳት የሚያመጣ ልማድ ነው።

በእህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል፣ ብረትንና ዚንክን አጥብቆ የሚይዝ ንጥረ ነገር አለ። በእርሾ የሚቦካ ሊጥ ይህን ማሰሪያ ስለሚያላላ፣ ብዙ የተመሰገነው እንጀራ ከጣዕሙ በላይ ውለታ አለው። ይህ ውለታ ግን እጅግ ለሚያስፈልገው ለሕፃኑ ሳይደርስ ይቀራል፤ ከ6 ወር በኋላ የሚቀርብለት አጥሚት ብዙ ጊዜ ካልቦካ ዱቄት ይዘጋጃልና።