የአሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐዋሳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከተቆረቆረች በኋላ እያደገ የመጣው የዓሣ ንግድ መዲናው አሞራ ገደል ሲሆን፣ ጀልባዎች ማለዳ የሚያራግፉት ቆሮሶና አምባዛ በዚያው ይበለታል፤ የተጣለውን ሆድ ዕቃም አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ አሞራ ይሻማበታል። በጾም ወራት ይበልጥ የሚደራው ይህ ገበያ ከተጠበሰውና ከሾርባው ጎን ያቆየው ልማድ ግን ከአጥንቱ የተለየ የቆሮሶ ሥጋን ጥሬውን በዳጣ መብላት ነው።

ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው በጥቁር ውኃ ወንዝና በከተማው ጎርፍ የገባው ቆሻሻ በዚያው ይከማቻል፤ ይሁንና ትኩረት የሚሻው ውኃው ብቻ አይደለም፤ አንድ ቢላዋና አንድ ባልዲ ለብዙ ዓሣ ሲውሉ፣ ሳልሞኔላንና ኢ. ኮላይን የመሰሉ፣ በአንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታሉ። ዳጣው ያቃጥላል እንጂ አይገድላቸውም።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ሰው ካሳመሙ ደግሞ መድኃኒትም ሁልጊዜ አያስተማምንም። ተመራማሪው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ባክቴሪያን የሚገድለውን ፔኒሲሊን አገኘ፤ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ደግሞ ከበቂ መጠን በታች የሚወሰድ መድኃኒት ባክቴሪያን እንደሚያለማምድ አስጠነቀቀ። የተላመደው ባክቴሪያ መድኃኒቱን የሚሰብር ኬሚካል ያመነጫል፣ ወይም መድኃኒቱን ከውስጡ ያስወጣል፤ ይህንንም ችሎታ በዘረ መል ቁራጭ አማካይነት ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። በዚህም ምክንያት ሐኪሙ የሚያዝዘው ክኒን ላይሠራ ይችላል፤ በምጣድ ዘይት ውስጥ ግን የተላመደውም ያልተላመደውም እኩል ይሞታል።