የአምባሰል የዘር ቆጠራና የመገጣጠሚያ ሕመም

ሐይቅና አምባሰል የዘር ሐረግ እጅግ ከፍ ያለ ዋጋ የተሰጠበት ምድር ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከደብረ ዳሞ መጥተው በሐይቅ እስጢፋኖስ ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ መነኮሳቱ ቆባቸውን ከማን እንደተቀበሉ እየቆጠሩ መንፈሳዊ ትውልዳቸውን ያያይዙ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚሁ ሐረግ ይቆጠራሉ። በአምባሰል ግሸን አምባ ደግሞ የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች ዙፋን እንዳይሻሙ፣ ጥፋታቸው የአባታቸው ማንነት ብቻ ሆኖ፣ ተጠብቀው ይኖሩ ነበር፤ አምባው በ1540 (እ.ኤ.አ.) በኢማም አሕመድ ጦር እጅ ወደቀ። በተራው ሕዝብ ዘንድም ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት ሽማግሌዎች አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያሉ የሁለቱን ወገን ትውልድ ይቆጥሩና እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ጋብቻውን ይከለክሉ ነበር።

ይህን ያህል ዘር የሚቆጥር ማኅበረሰብ ሕመምን ግን ሁልጊዜ በዘር አላስረዳም። የጣቶችና የጉልበት መገጣጠሚያ ሲያብጥና ሲጠዘጥዝ ቁርጥማት ይባላል፤ መንስኤው ብርድ ነው ተብሎ ታማሚው ጸበል ይጠመቃል፣ ፍል ውሃ ይገባል፣ ወይም ዋግምት ይደረግለታል። ዋግምት የሚያግመው ሰው የሕመሙን ቦታ በስለት ጫር ጫር አድርጎ ቀዳዳ ያለውን ቀንድ ይደፋበታል፤ አየሩን በአፉ ከሳበ በኋላ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ደሙም ወደ ቀንዱ ይሳባል።

የዛሬው ሕክምና ከቁርጥማት ዓይነቶች አንዱን ሩማቶይድ አርትራይተስ ይለዋል፤ ይህም የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን የመገጣጠሚያ ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚፈጠር ሥር የሰደደ ብግነት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የመከላከያ ሕዋሳት ራስን ከባዕድ በሚለዩበት የኤች.ኤል.ኤ. የዘረ መል ክፍል ያለ አንድ ዓይነት ከበሽታው ጋር እንደሚዛመድ ታወቀ፤ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ተጋላጭነቱ በዚያ ክፍል ውስጥ ካለ አጭር የጋራ ቅንብር የሚመነጭ መሆኑን የሚያስረዳ ሐሳብ ቀረበ። ይሁን እንጂ ዘር ብቻውን አይወስንም፤ አንድ ዓይነት ዘረ መል ካላቸው መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ከመቶ 15 ያህል ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ የሲጋራ ጭስ የተጋላጭነቱን ዘረ መል በያዘ ሰው ላይ አደጋውን በብዙ ያባብሰዋል።

ስለዚህ የሰባት ቤት ቆጠራ ለዚህ ሕመም ትንቢት ሊሆን አይችልም። ቆጠራው የሚጠቅመው ከሁለቱም ወላጆች አንድ ዓይነት ጉድለት ሲወረስ ብቻ የሚገለጡ በሽታዎችን ለማሳነስ ሲሆን፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን በርካታ ዘረ መሎች ከሌሎች ምክንያቶች ጋር በጋራ የሚያዋጡበት በመሆኑ ዘመድ ካልሆኑ ወላጆች በተወለደ ልጅም ሊገለጥ ይችላል።

ዘር ይበልጥ የሚመሰክረው ሰውነት መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያስተናግድ ነው። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ሰልፋሳላዚን በሰውነት ውስጥ ከሚፈጥራቸው ቅሪቶች አንዱ ናት-2 በተባለው ኢንዛይም ይለወጣል፤ ኢንዛይሙ በዘር ዘገምተኛ የሆነባቸው ሰዎች ለጎንዮሽ ጉዳቱ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ኮዴይን የተባለውን ማስታገሻ ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ደግሞ ሲ.ዋይ.ፒ.2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ነው። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 29 ያህሉ የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው ተገኝቷል፤ ይህ በአውሮፓውያን ዘንድ ከሚታየው በብዙ እጅ የሚበልጥ ሲሆን፣ እንዲህ ዓይነት ሰው በተለመደው መጠን እንኳ ከሚገባው በላይ ሞርፊን በደሙ ሊከማችበት ይችላል።

የአምባሰል ሽማግሌ በቃል የያዘው ሐረግ ማን ከማን እንደሚጋባ ለመወሰን በቂ ነበር፤ ማን ምን ያህል መድኃኒት እንደሚችል ለማወቅ ግን ኢትዮጵያውያን ራሳቸው መመርመር አለባቸው፤ ምክንያቱም በሌላ ሕዝብ የተወሰነ የመድኃኒት መጠን ለእነሱ በቀጥታ ላይስማማ ይችላል።