ሃይድሮክሲፕሮሊን፦ ከኮላጅን እስከ አረንጓዴ ዋቅላሚ

ሐኪም ሃይድሮክሲፕሮሊንን የሚያውቀው በኮላጅን ነው። በቫይታሚን ሲ እጦት ፕሮሊን ወደዚህ አሚኖ አሲድ በሚገባ ሳይለወጥ ሲቀር ኮላጅን ይላላል፤ የስከርቪ ሕመምተኛ ድድም ይደማል። ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1902 ከጀላቲን ለይቶ ካወጣው ወዲህ፣ ንጥረ ነገሩ ለረጅም ዘመን የእንስሳት አካል መለያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ይሁንና በ1960 ላምፖርትና ኖርዝኮት በዕፀዋት የሕዋስ ግድግዳ ውስጥ መኖሩን አሳወቁ። በ1972 ደግሞ ኪት ሮበርትስና ባልደረቦቹ ክላሚዶሞናስ የተባለውን ባለአንድ ሕዋስ አረንጓዴ ዋቅላሚ መረመሩ። ግድግዳው ሴሉሎስ የለውም፤ የተገነባው ስኳር በተያያዘባቸው፣ በሃይድሮክሲፕሮሊን በበለጸጉ ፕሮቲኖች ነው። በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ፕሮሊንን የሚለውጠው ኤንዛይም ሲታፈን የዋቅላሚው ግድግዳም በአግባቡ ሳይገነባ ይቀራል።

እንግዲህ አንድን ንጥረ ነገር የአንድ አካል መለያ ከማለታችን በፊት፣ የት የት እንደፈለግነው ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።