ካሬው ከካርታው ቢያንስስ? ቤት ለምትገዙም ለምትሸጡም

ካርታው 150 ካሬ ይላል፤ ሜትር ሲዘረጋ ግን 138 ሆነ። ቀብድ ደግሞ ተከፍሏል። አሁን ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ቀብዱን እንይ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ «ካሬው ካነሰ ቀብዱ ይመለሳል» የሚለውን ብር ሳይወጣ በፊት አጽፉት።

ለድርድር ሦስት መንገድ አለ፦

1. በጎደለው 12 ካሬ ልክ ዋጋ ማስቀነስ
2. ሻጩ ካርታውን እስኪያስተካክል ከክፍያው የተወሰነውን መያዝ
3. ቀን መቁረጥ፤ እስከዚያ ካላለቀ ቀብዱ እንዲመለስ መስማማት

አጥሩ ከካርታው ሰፍቶ ከተገኘም «ትርፍ ነው» ብላችሁ አትደሰቱ። ካርታ ላይ ለሌለ ቦታ ብር አትክፈሉ።

ሻጮች ደግሞ፦ ካርታ ማስተካከል በእናንተ እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ቀኑን ስትቆርጡ ሰፋ አድርጉት፤ ከተቻለ ቤቱን ለገበያ ሳታወጡ በፊት አስለኩት።

በመጨረሻም፣ በአንቀጽ 1723 መሠረት የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መመዝገብ አለበት። ደላላ ፊት መጨባበጥ ብቻውን አያድንም።